መርከብ የሚሳፈሩበት ቀን

የነቀምትን መናኸሪያ የማያውቅ የወለጋ ሰው ጥቂት ነው። መንገደኛው ሌሊት ተነሥቶ፣ ጓዙን ተሸክሞ ይመጣል። ትኬት ይቆርጣል። ወንበሩን ይፈልጋል። ጓዙ ጣራ ላይ መጫኑን አንጋጦ ያያል። ዘመድ «በሰላም ግቡ!» ይላል። ረዳቱ ሰዉን ይቆጥራል፤ ሾፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፤ አውቶቡሱ ይነሣል።

መርከብ መሳፈርም በመሠረቱ ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አውቶቡስ መንገድ ላይ ቢበላሽ ሰው ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። መርከብ ባሕር መካከል ቢበላሽ ግን መውረጃ የለም። ስለዚህ በመርከብ ጉዞ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን የመጀመሪያው ቀን፣ ማለትም የመሳፈሪያው ቀን ነው። በዚያ ቀን ስም ይጻፋል፤ ሰው ይቆጠራል፤ ልምምድ ይደረጋል። ኋላ አደጋ ቢመጣ ነፍስን የሚያተርፈው በዚያን ቀን የተሠራው ሥራ ነው።

«ታዲያ እኛ ባሕር የሌለን ገበሬዎች ስለ መርከብ ማወቁ ምን ያደርግልናል?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ሦስት ነው። የለቀማችሁት ቡና ውጭ አገር የሚሄደው በመርከብ ነው። ማሳችሁ ላይ የምትበትኑት ማዳበሪያም ከውጭ የሚመጣው በመርከብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአገራችን ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ ባሕር ያቋርጣሉ። ስለዚህ መርከብ እንዴት እንደሚሳፈሩት አባትም እናትም ሊያውቁት ይገባል።

ወለጋና መርከብ

ወለጋ ከባሕር ሩቅ ናት። ሆኖም ከመርከብ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በኦሮምኛ «ዶኒ» የምትሉት መርከብ ለወለጋ ነጋዴዎች ባዕድ ነገር አልነበረም።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት እንዲይዙ ተፈቀደላቸው። መሬቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዙ ዳርቻም ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ክረምት መጥቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከሱዳን እስከ ጋምቤላ ይመጡ ጀመር። በጋ ሲሆን ውኃው ስለሚያንስ መርከብ አይመጣም። የሳዮ፣ የአሁኑ ደምቢዶሎ፣ ቡና በበቅሎ ጀርባና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። መርከቦቹም ጨውና ጨርቅ ያመጡ ነበር። ውኃው ሳይጎድል ያልደረሰ ነጋዴ ቡናውን የሚጭንለት መርከብ አያገኝም። በዚያ ዘመን መርከቡ የሚነሣበትን ቀን አለማወቅ የዓመት ልፋትን ያስቀር ነበር ማለት ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የጋምቤላው ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ዛሬ የወለጋ ቡና በሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ከደምቢዶሎና ከጊምቢ በመኪና ተጭኖ ነቀምት ይደርሳል። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ወደብ የላትም። ስለዚህ ቡናው ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በባቡሩ ሐዲድ ሲለካ ይህ ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ቡናው ወደብ ሲደርስ እንዴት ይሳፈራል? ኮንቴነር በሚባል ትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል። በአንድ ትንሹ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎው ጆንያ 320 ያህል ይገባበታል። ሣጥኑ ይመዘናል፤ ይታሸጋል። በላዩ ላይ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በወረቀት ይሠፍራል። ላኪው ማን ነው? ተቀባዩ ማን ነው? የሚሄደው ወዴት ነው? ሁሉም ይጻፋል። ወረቀት የሌለው ኮንቴነር መርከብ ላይ አይወጣም። ቢጠፋም በወረቀቱ ይጠየቅበታል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ቡና እንኳ ሲሳፈር እንዲህ ከተጻፈ፣ ሰው ሲሳፈርማ እንዴት ይሁን?

ሰው የሚጭነው ትልቅ መርከብ

ዕቃ የሚጭን መርከብ አለ። ሰው የሚጭን መርከብም አለ። ሰው ከሚጭኑት መካከል ትላልቆቹ ለሽርሽር የተሠሩ ናቸው። ባለገንዘቦች በእነዚህ መርከቦች ተሳፍረው ከአገር አገር፣ ከወደብ ወደብ ይዞራሉ። ዓለምን የሚዞር መርከብ አንዳንዱ ከ100 ቀን በላይ ይጓዛል። «ሰው ምን ቸግሮት ነው 100 ቀን ውኃ ላይ የሚውለው?» ብላችሁ ብትስቁ አይፈረድባችሁም። ለእነርሱ ግን ዕረፍታቸው ነው።

የመርከቡን ትልቅነት በምሳሌ እናሳያችሁ። በ2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የሚባል መርከብ አለ። ርዝመቱ 365 ሜትር ያህል ነው። ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍና ጫፉ ቢገጣጠም ከዚህ ያንሳል። እስከ 7600 መንገደኛ ይጭናል። ሠራተኞቹ ብቻ 2350 ያህል ናቸው። ሁሉም ባንድነት ሲሳፈሩ ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ። ይህ አንድ ትንሽ ከተማ ነው። ወጥ ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ፣ መኝታው፣ ሱቁ ሁሉ በውስጡ አለ።

እስቲ አስቡት። የአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ በአንድ ቀን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ጓዙን ይዞ በአንድ በር ይግባ ቢባል ምን ይፈጠራል? ሥርዓት ከሌለው ግፊያ ነው። ስለዚህ የመሳፈሪያው ቀን ሥራ በሰዓትና በተራ የተከፋፈለ ነው።

ከጠዋት እስከ ማታ

አንደኛ፣ የመምጫ ሰዓት። መንገደኛው ወደብ የሚደርስበት ሰዓት በትኬቱ ላይ ተጽፎለታል። አንዱ በ4 ሰዓት፣ ሌላው በ6 ሰዓት ይመጣል። ሁሉም እንደ ገበያ ቀን ባንድ ጊዜ አይጎርፍም። መርከቡ ከመነሣቱ በፊት በሩ የሚዘጋበት ሰዓትም ተወስኗል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው መርከቡን ቆሞ ያየዋል እንጂ አይሳፈርም። መርከብ እንደ አውቶቡስ «ቆይ! ቆይ!» ተብሎ ከኋላው አይሮጥም።

ሁለተኛ፣ ጓዝ። ትልቁን ሻንጣ መንገደኛው ራሱ ተሸክሞ አይገባም። በሻንጣው ላይ ወረቀት ይታሰራል። በወረቀቱ ላይ ስሙና የክፍሉ ቁጥር አለ። ተሸካሚዎች ይረከቡትና በመሣሪያ ይፈተሻል። ማታ ክፍሉ በር ላይ ያገኘዋል። ታዲያ ፓስፖርቱን፣ ገንዘቡንና መድኃኒቱን ሻንጣው ውስጥ የከተተ ሰው ቀኑን ሙሉ ይጨነቃል። እነዚህ ከሰውነት አይለዩም። ይህ ምክር ለነቀምት አውቶቡስም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ወረቀት። መንገደኛው ትኬቱንና ፓስፖርቱን ያሳያል። መርከቡ የሚያርፍባቸው አገሮች ቪዛ የሚጠይቁ ከሆነ ቪዛውን ያሳያል። አንዳንድ አገሮች የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። እነዚህን ያላሟላ ሰው ገንዘቡን ቢከፍልም ከመሬት ይቀራል። ሠራተኛው የፓስፖርቱን ስም ከመርከቡ መዝገብ ጋር ያስተያያል። አንድ ፊደል ቢለያይ ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ስሙ በትክክል መጻፉን መንገደኛው ራሱ አስቀድሞ ማንበብ አለበት። ስሙን ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ለሌላ ሰው አደራ ይሰጣል። ማንበብ የሚችል ግን በራሱ ዓይን ያረጋግጣል።

አራተኛ፣ ካርድ። ወረቀቱ ከተመረመረ በኋላ ፎቶግራፍ ይነሣል። አንድ ትንሽ ካርድም ይሰጠዋል። ካርዷ የክፍሉ ቁልፍ ናት፤ መታወቂያውም ናት። በመርከቡ በር ሲገባ በመሣሪያ ትነበባለች። መንገድ ላይ በየወደቡ ሲወጣና ሲገባም ትነበባለች። በዚህ ዓይነት መርከቡ በማናቸውም ሰዓት ማን ውስጥ እንዳለ፣ ማን ውጭ እንደቀረ ያውቃል። እረኛ ከብቱን ማታ በረት ሲያስገባ በበሩ ቆሞ እንደሚቆጥር ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ክፍልን መፈለግ። መርከቡ ከ10 ፎቅ በላይ ሊሆን ይችላል። መተላለፊያው ረዥም ነው፤ በሮቹም አንድ ዓይነት ናቸው። ክፍሉ የሚገኘው በቁጥር ነው። በየግድግዳው ላይ ቀስትና ቁጥር አለ። በክፍሉ በር ጀርባ ላይ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አብዛኛው መንገደኛ አልጋውን እንጂ ወረቀቱን አያይም። እኛ ግን የምንላችሁ፣ ከአልጋው በፊት ወረቀቱን ማንበብ ነው። አደጋ ቢመጣ በየት በኩል እንደሚወጣና የት እንደሚሰበሰብ የተጻፈው በዚያ ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ ልምምድ። ሁሉም ሰው የመሰብሰቢያ ቦታውን ይማራል። ቦታው በፊደልና በቁጥር የተመለከተ ነው። በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ እንዴት እንደሚለብስ ሠራተኞቹ ያሳዩታል። የአደጋውን ድምፅም ይማራል። የመርከቡ ጡሩንባ ሰባት ጊዜና ከዚያ በላይ አጠር አጠር አድርጎ፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ከጮኸ፣ «ወደ መሰብሰቢያችሁ ሂዱ» ማለት ነው። ይህ ድምፅ በሁሉም አገር አንድ ነው። የነፍስ አድን ጀልባዎቹም በመርከቡ ጎንና ጎን ተሰቅለው ይታያሉ።

ሰባተኛ፣ መነሣት። ሰው ሁሉ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ መወጣጫው ድልድይ ይነሣል። መርከቡን ከወደቡ ጋር ያሰሩት ወፋፍራም ገመዶች ይፈታሉ። የወደቡን ውኃ ጥልቀትና ድንጋይ የሚያውቅ አንድ መሪ ከመርከቡ አዛዥ ጎን ይቆማል። አስፈላጊ ሲሆን ትናንሽና ብርቱ ጎታች ጀልባዎች መርከቡን ስበው ከወደቡ ያርቁታል። መሬቱ ቀስ እያለ ይርቃል። አሁን እንግዲህ ውኃና ሰማይ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሳፋሪውን ብቻ አይደለም የሚመለከተው። መርከበኞችም ስማቸው የሚጻፍበት የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ የተማሩ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር መርከቦች ላይ ይሠራሉ። እነርሱም ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ ስማቸው ይጻፋል፤ የአደጋ ቀን ሥራቸውም ይነገራቸዋል።

ቆጠራውና ልምምዱ ለምን አስፈለገ?

ይህ ሥርዓት ዝም ብሎ አልመጣም። በብዙ ሰው ሞት የተገኘ ነው። ሦስት ታሪክ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው የታይታኒክ ታሪክ ነው። ታይታኒክ በዘመኑ ከመርከቦች ሁሉ ትልቁ ነበር። በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ተነሥቶ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ። በውስጡ 2200 ያህል ሰው ነበረ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሁሉ ተሞልተው ቢሄዱ ግን ሊይዙ የሚችሉት 1178 ሰው ብቻ ነበር። ይባስ ብሎ ሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት አልተለማመደም። መጀመሪያ የወረደችው ጀልባ 65 ሰው መያዝ ስትችል 28 ሰው ብቻ ይዛ ሄደች። በዚያች ሌሊት 1500 ያህል ሰው አለቀ። ከዚህ በኋላ በ1906 ዓ.ም. የብዙ አገር መንግሥታት ተሰብስበው በባሕር ላይ ስለሚጓዝ ሰው ደኅንነት ስምምነት አደረጉ። ስምምነቱ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሁለተኛው የጣልያን መርከብ ታሪክ ነው። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የሚባል የሽርሽር መርከብ በጥር 2004 ዓ.ም. 4229 ሰው ይዞ ሲሄድ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ። 32 ሰዎች ሞቱ። አደጋው የደረሰው ከወደብ ከተነሣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ነበር። በዚያን ዕለት ከተሳፈሩት ወደ 700 የሚጠጉት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ልምምዱ ለማግሥቱ ነበር የተቀጠረላቸው። በዚያን ጊዜ ሕጉ ልምምዱን በ24 ሰዓት ውስጥ ማድረግን ይፈቅድ ነበርና። አደጋ ግን ቀጠሮ አያከብርም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይል የለ ያገራችን ሰው? ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉ ተለወጠ። አሁን ልምምዱ የሚደረገው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ወደ እኛ የቀረበ ነው። በታንዛንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ «ቡኮባ» የሚባል መርከብ ነበር። ይህ መርከብ 430 መንገደኛ እንዲጭን የተሠራ ነው። በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከልክ በላይ ጭኖ ሲሄድ ተገልብጦ ሰጠመ። ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ስም በዝርዝር ተጽፎ ነበር። በርካሽ ትኬት በሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈሩት ድሆች ግን ዝርዝር አልነበራቸውም። ስለዚህ ስንት እንደነበሩ በትክክል ሊታወቅ አልቻለም።

ይህን ነገር ደግመን ማየት አለብን። ሀብታሙ ስሙ ተጻፈ፤ ድሃው ስሙ አልተጻፈም። ውኃው ሁለቱንም እኩል ወሰዳቸው። ሆኖም በኋላ «እገሌ የታለ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የተገኘው ስሙ ለተጻፈው ነው።

ዛሬ ከአገር አገር የሚጓዝ የመንገደኛ መርከብ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ሰዎቹን እንዲቆጥር ሕግ ያስገድደዋል። ጉዞው ረዥም ከሆነ የእያንዳንዱ ሰው ስም ይጻፋል። የስም ዝርዝሩም በየብስ ላለ ሰው ይሰጣል። ለምን በየብስ? መርከቡ ቢሰጥም ዝርዝሩ እንዳይሰጥም ነው። ፈላጊዎች ስንት ሰው እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። አንድ ሰው ሳይቀር ይፈልጋሉ። እናንተም የእድራችሁን መዝገብ በአንድ ሰው ቤት የምታስቀምጡት ለዚሁ ነው። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ቢሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል። ስሙ ከሌለ ማን ይጠየቃል?

ስም የማይጻፍበት መሳፈር

ስም የማይጻፍበት መሳፈር ዱሮም ነበር፤ ዛሬም አለ።

የዱሮውን እንጀምር። በባርነት ዘመን ከምዕራብና ከደቡብ ኢትዮጵያ ልጆች እየተያዙ ወደ ቀይ ባሕር ይነዱ ነበር። ከእነርሱ አንዷ አስቴር ጋኖ ናት። በ1878 ዓ.ም. ገደማ ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ የጣልያን የባሕር ኃይል ጀልባዋን ያዘና ልጅቱ ነጻ ወጣች። ያቺ ጀልባ ባሕሩን ተሻግራ ቢሆን ኖሮ አስቴር ማን እንደነበረች ዛሬ የሚያውቅ ሰው ባልኖረ ነበር። ነጻ ከወጣች በኋላ ምጽዋ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ፊደል ተማረች። እንደ እርሷ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በኦሮምኛ ቋንቋ መጻሕፍት አዘጋጀች። ከእነዚህ አንዱ በ1886 ዓ.ም. ገደማ የታተመ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ነው። ኦነሲሞስ ራሱ ከምጽዋ በመርከብ ተሳፍሮ እስከ ስዊድን ሄዶ ተምሮ ነበር። ሁለቱም በ1896 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት አስተማሩ። ዕቃ ተደርጋ የተጫነች ልጅ ለሌላው ሰው ፊደል ቆጣሪ ሆና ተመለሰች።

የዛሬው ደግሞ ይህ ነው። ከኦሮሚያ፣ ከአማራ፣ ከትግራይና ከሌላም ቦታ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ ከቤታቸው ይወጣሉ። በእግርና በመኪና ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ወደሚባል ዳርቻ፣ ወይም ሶማሊያ ውስጥ ወደ ቦሳሶ ይደርሳሉ። ከዚያ ደላላ በትንሽ ጀልባ ወደ የመን ያሻግራቸዋል። ባሕሩ በጠበበበት በባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። «ቅርብ ነው፤ ባንድ ሌሊት ትገባላችሁ» ይላል ደላላው።

ይህን መሳፈር ከላይ ከነገርናችሁ ጋር አስተያዩት። የመምጫ ሰዓት የለም፤ በጨለማ «ተነሡ!» ይባላል። ትኬት የለም፤ ገንዘቡ ግን ተከፍሏል። ጀልባዋ ስንት ሰው እንደምትችል የሚጠይቅ የለም። የሚያንሳፍፍ ሰደርያ የለም። ልምምድ የለም። የሚቆጥር ካለም ደላላው ነው፤ እርሱም የሚቆጥረው ገንዘቡን ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስም አይጻፍም።

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አንዲት እንዲህ ያለች ጀልባ በየመን አብየን ዳርቻ ሰጠመች። የተሳፈሩት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተሳፈሩት ስንት ነበሩ? አንዱ ከ150 ጥቂት ይበልጣሉ አለ፤ ሌላው 200 አለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት 40 እና 50 ሰዎች ናቸው። እነርሱም እናት ያላቸው ናቸው። ነገር ግን ስማቸውን የያዘ ወረቀት ባለመኖሩ፣ መኖራቸው እንኳ አከራከረ። እናት ልጇ በዚያች ጀልባ ይኑር አይኑር የምትጠይቀው መዝገብ የላትም። ልታለቅስ ወይስ ልትጠብቅ? ይህ ከሞት የማይተናነስ ሥቃይ ነው።

ቅድም ስለ ቡናው የነገርናችሁን አስታውሱ። ከጊምቢ የሄደው ጆንያ ቁጥር አለው፤ ቢጠፋ ይጠየቅበታል። ከዚያው ቀበሌ የሄደው ልጅ ግን ቁጥርም ስምም የለውም። ሰው ከቡና ጆንያ ማነስ የለበትም።

ከመሳፈር በፊት

ወጣቶቹ የሚሄዱት ጠግበው እንዳልሆነ እናውቃለን። የመሬት ጥበትና የሥራ እጦት ነው የሚያስወጣቸው። «አትሂዱ» ብሎ መቆጣት ብቻ አይበቃም። ነገር ግን ማንም ሰው በመርከብም፣ በጀልባም ሆነ በመኪና ከመሳፈሩ በፊት የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባል።

1. ስሜ የት ነው የተጻፈው? አሳዩኝና ላንብበው።
2. የሚጭነኝ ሰው ማን ይባላል? ፈቃዱስ የታለ?
3. ስንት ሰው ይጫናል? መጫን የሚችለውስ ስንት ነው?
4. አደጋ ቢመጣ በምን እንሳፈፋለን? በየትስ እንወጣለን?
5. የሄድኩበትን ቀንና ቦታ የሚገልጽ ጽሑፍ ቤቴ ውስጥ ትቻለሁ ወይ?

እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ደላላ መልሱን ሰጥቷችኋል። በእርሱ ጀልባ አይሳፈሩም። በሕጋዊ መንገድ ለሥራ ለመሄድ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ስለ ውጭ አገር ሥራ የሚመለከተውን የወረዳ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ። ውል ሲሰጠው ሳያነብ አይፈርም። ማንበብ ከከበደው፣ ማንበብ ከሚችልና ከሚያምነው ሰው ጋር ሆኖ ቃል በቃል ያንብብ።

አምስተኛውን ጥያቄ በተለይ አደራ እንላችኋለን። ይህ እናንተ አሁኑኑ ልታደርጉት የምትችሉት ነው። ከቤታችሁ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ ደብተር አውጡ። ሙሉ ስሙን፣ የሄደበትን ቀን፣ የሚሄድበትን አገርና አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች ስም በእጃችሁ ጻፉ። የስልክ ቁጥር ካለም ጻፉ። ትላንት ይህን ለማድረግ ጸሐፊ ፍለጋ መሄድ ነበረባችሁ። ዛሬ ፊደሉ በእጃችሁ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመርከብ ጉዞ ከአውቶቡስ ጉዞ በምን ይለያል?
2. የወለጋ ቡና ዱሮ በጋምቤላ በኩል ይሄድ የነበረው በየትኛው ወራት ነው? ለምን?
3. የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር በየብስ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?
4. በቡኮባ መርከብ ስማቸው ሳይጻፍ የቀረው የእነማን ነበር?
5. ከቀበሌያችሁ ወደ ሩቅ አገር የሄዱትን ሰዎች ስም በቡድን ሆናችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። የሄዱበትን ዓመትና አገር ከስማቸው ፊት ለፊት አስቀምጡ።